መደርደሪያው ለምን ወደቀ?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር



«ሒሳብ ያዧ ትናገራለች ተብሏል፤ እንግዲህ ስለ መዋጮና ስለ ብድር ልትጨቀጭቀን ነው» ብላችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ዛሬስ አርፋችኋል። የምናገረው ስለ ጣውላ፣ ስለ ምስማርና ስለ ግድግዳ ነው። ነገሩ የጀመረው ግን ከሒሳብ መዝገቡ ነው። በዓመቱ ሒሳብ ላይ «መደርደሪያ ወድቆ የተሰበረ ምርት» የሚል አንድ መስመር አለ። ባለፈው ስብሰባ ከእናንተ አንዷ እጇን አውጥታ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር መለስኩላት። ጥያቄው ግን ሙሉ መልስ ይገባዋል።

ያን መደርደሪያ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ የባልትና ክፍላችን ምርት በዝቶ መሬት ላይ መደርደር ጀምረን ነበር። አናጢ ብንጠራ የእጁን መክፈል አለብን። እኔ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ሁለት ሦስት ነገር ሠርቼ፣ ጎረቤት አይቶ አድንቆልኝ፣ ትንሽ ልቤ አብጦ ነበር። «እኔ እሰቅለዋለሁ፤ ማኅበሩ ለምን ያወጣል?» አልኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የቺፑድ ሳንቃ ይዤ መጣሁና በሁለት ደጋፊ ብረትና በአራት ምስማር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰቅዬ ጨረስኩ። ያምር ነበር። ውሃ ልክ አስቀምጬ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጸጉር አላዘነበለም። ፎቶ አንስቼም ለኮሚቴው ላክሁ።

በ11ኛው ቀን ሌሊት ወደቀ። ጠዋት ክፍሉን የከፈቱት እናታችን ደውለው ያሉኝ «ልጄ፣ ነይና እይ» ብቻ ነው። ከ24 ጠርሙስ አዋዜና ማር 19ኙ ተሰብሯል። ስብርባሪው ከማሩ ጋር ተለውሶ ወለሉ ላይ ተጣብቋል፤ ከዚያ ውስጥ የሚተርፍ ነገር የለም። ምርቱ የስድስት አባሎቻችን ድካም ነበር። አንዷ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ሽያጭ ልትከፍል ቀን ቆርጣ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ከመደርደሪያው ሥር ቀን ቀን ሕፃኗን አስተኝታ የምትሠራ እህት ነበረችን። ሌሊት በመውደቁ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ግን «ቀን ቢሆንስ ኖሮ?» የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በዚያ ሳምንት መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት «በአደጋ የተበላሸ ምርት» ብዬ ነው። ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርትም ላይ ቃሉ ምቹ ነው፤ ማንንም አያስጠይቅም። ሁለት ቀን ቆይቼ በቀይ ሰረዝኩት፣ ጎኑ ላይ ፈረምኩ፣ አሁን ያያችሁትንም ጻፍኩ። አደጋ የምንለው አስቀድሞ ልናውቀው የማንችለውን ነገር ነው። ይሄ ግን በአንድ ቁራጭ ወረቀትና በአንድ እስክሪብቶ ሊታወቅ ይችል ነበር። የልጅቷን ክፍያ ከችግር ጊዜ ሣጥናችን ያን ቀን ሰጠናት፤ የስድስቱንም ኪሳራ እንዲሁ። ሣጥኑን ደግሞ እኔ በሦስት ወር ከደመወዜ መለስኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ መሥራት የነበረብኝን ሒሳብ ሠራሁ።

24 ጠርሙስ፣ አንዱ ከነጠርሙሱ 1 ኪሎ ተኩል፣ 36 ኪሎ። 10 ጥቅል ሽሮ፣ አንዱ 1 ኪሎ፣ 10 ኪሎ። ሳንቃው ራሱ 4 ኪሎ ገደማ። ድምሩ 50 ኪሎ። ግማሽ ኩንታል! እኔ ግማሽ ኩንታል በአራት ምስማር ጭቃ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ፎቶ አንስቼ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉ የለ?

ከዚያ በኋላ ጎረቤቴ የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእንጨት ሥራ የኖሩ ጋሼ የምላቸው አናጢ ዘንድ እሑድ እሑድ እየሄድኩ መማር ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀን ነገሩን ስነግራቸው አልሳቁብኝም። «ምስማሩን አትውቀሺው። ማን እንዲሸከመው ነበር የፈለግሽው?» አሉኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የዚህች ጥያቄ ዝርዝር ነው። እኛ ሒሳብ ሠራተኞች በአንድ በኩል የጻፍነው ነገር በሌላ በኩል መልስ ከሌለው መዝገቡን አንዘጋም። እንጨትም እንደዚያው ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚሸከም ነገር ሳናገኝለት መዶሻ ማንሳት የለብንም።

ግድግዳው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን የምንኖርበት ቤት ግድግዳው ጭቃ ነው። ጭቃ ግድግዳ ከውጭ ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለት ነገር ነው፤ እንጨትና ጭቃ። ቤቱን ያቆሙት ቋሚዎቹና ማገሮቹ ናቸው። በመካከላቸው የተሞላው ጭድ የተቦካበት ጭቃ ነፋስ ይከለክላል እንጂ ሸክም አይችልም። የእኔ አራት ምስማሮች አራቱም የተተከሉት ጭቃው ላይ ነበር።

ቋሚውን ማግኘት ከባድ አይደለም። በጣታችሁ አንጓ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ በአግድም ሂዱ። ጭቃው ላይ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ቋሚው ላይ ስትደርሱ ይጠነክራል። እዚያ ቦታ ላይ ቀጭን ምስማር መታ መታ አድርጉ። ምንም ሳይከብደው እየሰመጠ ከሄደ ጭቃ ነው። ልስኑን አልፎ ጠንካራ ነገር ካጋጠመው እንጨት ነው። ግን ገና አትደሰቱ፤ ያገኛችሁት ማገር ሊሆን ይችላል። ማገር አግድም የሚሄድ ቀጭን እንጨት ነውና በእሱ አትተማመኑ። አንድ ክንድ ከፍ፣ አንድ ክንድ ዝቅ ብላችሁ እንደገና ሞክሩ። ሁለቱም ቦታ ላይ እንጨት ካለ ቋሚውን አግኝታችኋል፤ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ ምስጥ እንዳልበላው እዩ። ብሎኑ ያለ ምንም ትግል ከገባ፣ ወይም ስታወጡት ዱቄት የመሰለ ነገር ይዞ ከወጣ፣ ያ ቋሚ ቤቱንም በጭንቅ ነው የያዘው፤ ሌላ ሸክም አትጨምሩበት። ቋሚው ጤነኛ ከሆነ ግን አንድ ሞራሌ በአግድም ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ ላይ በረጃጅም ብሎን እሰሩ፤ ደጋፊ ብረቶቹን ደግሞ ሞራሌው ላይ። ያኔ ክብደቱ ለቤቱ አጥንት ይከፋፈላል።

ብሎኬት ግድግዳ ያላችሁ ደግሞ «የእኔስ ጠንካራ ነው» አትበሉ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። በመዶሻ ምስማር ሲመቱበት ይሰነጠቃል እንጂ አይዝም። ድሪል ያስፈልጋል፤ መብሻውም የግድግዳ መብሻ እንጂ የእንጨት መሆን የለበትም። ፊሸሩ 8 ቁጥር ከሆነ መብሻውም 8 ይሁን። በትልቅ መብሻ በስቶ ፊሸሩ ሲላላ ወረቀት መጠቅጠቅ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ነገር ግን ወረቀት ክብደት አይሸከምም። ከማብሪያና ማጥፊያው፣ ከሶኬቱም ትክክል ወደ ላይ፣ ወደ ታችም ሆነ ወደ ጎን አትብሱ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ በዚያ መስመር ነው። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ከመብሳት በፊት አከራይን ማስፈቀድ ከጠብ ያድናል።

ግድግዳው አስተማማኝ ካልሆነ ምን እናድርግ? መልሱ ቀላል ነው፤ ሸክሙን ለመሬት እንስጥ። መደርደሪያው እግር ይኑረውና ወለል ላይ ይቁም። ግድግዳው ወደ ፊት እንዳይደፋ ከላይ ብቻ ይያዘው። ጋሼ እንደሚሉት መሬት አይወድቅም።

እንጨቱስ?

አዲስ አበባ ውስጥ በርካሽ የምናገኘው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ይህችን ከተማ ያቆመ፣ ያሞቀ፣ እንጀራችንን ያስጋገረ ዛፍ ነው፤ አናንቀውም። ግን እርጥቡን ከሠራንበት ይበቀለናል። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ገጥመን የሠራነውንም ያላቅቃል። በሠራንበት ቀን አልጋ የነበረው በበጋ መካከል ሲጢጥ ማለት የሚጀምረው ለዚህ ነው። አናጢዎች ለአንድ ኢንች፣ ማለት ለ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት፣ አንድ ዓመት ገደማ በጥላ ማድረቅ ይላሉ። በፀሐይ ማስጣት አይደለም፤ ፀሐይ ውጪውን ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቀዋል። በየጣውላው መካከል ቀጫጭን እንጨት አጋድማችሁ ነፋስ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ደርድሩት።

መድረቁን በምን እናውቃለን? እዚህ ላይ የእኔ ሙያ ይጠቅማል። አንድ ቁራጭ ምረጡና በባልትና ክፍላችን ሚዛን በየሳምንቱ መዝኑት፤ ቀኑንና ክብደቱንም ጻፉ። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ውሃ ገና እየወጣ ነው። ሦስት አራት ሳምንት ተከታትሎ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጣችሁ እንጨቱ ለሥራ ደርሷል።

ቺፑድ ሌላ ጠባይ አለው። አይጣመምም፣ ዋጋውም ይሻላል፤ ግን ውሃ ጠላቱ ነው። ጠርዙ ሳይለጠፍ ክፍት ከቀረ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ አንዴ ካበጠም አይመለስም። ስለዚህ የውሃ ጀሪካን የምናስቀምጥበት ቦታና የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቺፑድ አይግባ። ሸክምም ሲበዛበት ይጎብጣል። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ከባድ ነገር የሚጫንበት ከሆነ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ከሥሩ ድጋፍ ስጡት። የእኔ ሳንቃ 16 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ርዝመቱ 120፣ መካከሉ ላይ ምንም የለም። ርዝመቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን መጉበጡም ሁለት እጥፍ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። ጋሼ አረሙኝ። ያው ክብደት ተጭኖበት የድጋፉ ርቀት ሁለት እጥፍ ሲሆን መጉበጡ ስምንት እጥፍ ነው።

ብዙዎቻችሁ ዕቃ ከሚጫንበት ፓሌት ወንበርና መደርደሪያ እየሠራችሁ ነው። ጎበዞች! ምናለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ግን የተቃጠለውን ማኅተም አንብቡ። ከባሕር ማዶ የመጣ ፓሌት ተባይ እንዳይኖርበት የታከመበት መንገድ በሁለት የላቲን ፊደላት ይጻፍበታል። «ኤች ቲ» ካለ በሙቀት ታክሟል፤ ይሆነናል። «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ታክሟልና ለማጀትም ለልጅ አልጋም አትጠቀሙበት። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትን ደግሞ ማኅተሙ ምንም ቢል ተዉት።

ልኬትና ቁጥር

የቺፑድ አንድ ሙሉ ሳንቃ ብዙውን ጊዜ 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ ስሕተቴን ልንገራችሁ፤ ገንዘብ ያስቀራል። ለቤቴ አራት እኩል ሳንቃ ፈልጌ 122ን ለ4 አካፈልኩ፣ 30.5 መጣ። ወረቀት ላይ ጽፌ ለቆራጩ ሰጠሁ። ሦስቱ 30.5 ሆኑ፣ አራተኛው 29.6። ቆራጩን ልቆጣ ስል «እመቤት፣ መጋዙም ይበላል እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። መጋዙ ባለፈ ቁጥር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ዱቄትነት ይለውጣል። ሦስት ጊዜ ሲቆርጥ 9 ሚሊ ሜትር ሄደ። ባንክ የአገልግሎት ክፍያ እንደሚቆርጠው ማለት ነው፤ በጀት ውስጥ ካልያዛችሁት መጨረሻ ላይ ይጎድላል።

ስለዚህ 30 በሉት። አራት ጊዜ 30፣ 120። አራት ጊዜ መቁረጥ፣ 1.2። ድምሩ 121.2፤ ከ122 ውስጥ ይገባል። በርዝመቱም አራት ጊዜ 60፣ 240፤ ከመጋዙ ድርሻ ጋር 241.2፤ ከ244 ውስጥ ይገባል። በዚህ ስሌት ከአንድ ሳንቃ 60 በ30 የሆኑ 16 ቁራጮች ይወጣሉ፤ የሚጣለውም ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። ይህን በወረቀት ሥላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሳንቃው ከተቆረጠ በኋላ የሚታረም ሒሳብ የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሜትር ብቻ ለኩ፤ የእኔ ሜትርና የጎረቤቴ ሜትር ጫፋቸው ላይ 2 ሚሊ ሜትር እንደሚለያዩ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የሠራችሁት ሣጥን ወይም የመደርደሪያ ክፈፍ ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ስኳድራ ከሌላችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ። የሁለቱ ርዝመት እኩል ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ቱንቢ ከሌላችሁ ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ አንጠልጥሉ። ውሃ ልክ ከሌላችሁ ንጹሕ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ የውሃው ከፍታ በሁለቱም ጫፍ አንድ ነው። ግንበኞቻችን ቤት የሚለኩበት ዘዴ ነው፤ ወጪው የቱቦው ብቻ።

ስለ ልክ ካነሳን፣ የሚንገዳገድ ወንበር በየቤታችን አለ። አንድ እግሩን እንቆርጣለን፣ ያኔ ሌላው ይረዝማል፣ እሱንም እንቆርጣለን። አንዲት እህታችን እንዲህ እየቆረጠች ወንበሯን የልጅ በርጩማ አድርጋዋለች፤ ስሟን አልጠራም፣ እየሳቀች ነው። መፍትሔው ይኸውላችሁ፦ ወንበሩን ደልዳላ ነገር ላይ አስቀምጡ። አጭሩ እግር ሥር እስኪረጋ ድረስ ቀጭን ሽብልቅ አስገቡ። ከዚያ ከሽብልቁ ከፍታ በለጥ የሚል ቁራጭ እንጨት ወለሉ ላይ አጋድማችሁ፣ በላዩ እርሳስ አስደግፋችሁ የአራቱንም እግሮች ዙሪያ አስምሩ። በመስመሩ ላይ አራቱንም ቁረጡ፤ በአንዴ ያልቃል። መሬቱ ራሱ ወጣ ገባ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ደጅ ጀበና ቡና ለምትሸጡ፣ ባለሦስት እግር በርጩማ ይሻላችኋል። ሦስት እግር በየትኛውም መሬት ላይ አይንገዳገድም። ጅማ አካባቢ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው በርጩማ ሦስት እግር ያለው ቢሆን አይገርመኝም።

ማያያዝ

ምስማር ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም ይወጣል። ሸክም ላለበት ነገር በካቻቢቴ የሚጠብቅ ብሎን ተጠቀሙ። ርዝመቱን ስትመርጡ አንድ ሦስተኛው በሚታሰረው እንጨት፣ ሁለት ሦስተኛው በተሸካሚው እንጨት ውስጥ ይሁን። ሳንቃው 18 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብሎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከማስገባታችሁ በፊት ከብሎኑ ቀጠን ባለ መብሻ ብሱለት፤ ያለዚያ በተለይ ጠርዝ ላይ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ኮላ ስትጠቀሙ የሚይዘው ሁለቱ እንጨቶች ተጣብቀው እስኪደርቁ ከተያዙ ብቻ ነው። ማጥበቂያ መሣሪያ ከሌላችሁ ገመድ ዙሪያውን አሥራችሁ በመካከሉ ዱላ አስገብታችሁ አጠማዙት፤ ሌሊቱን እንደዚያው ይደር። መደርደሪያው ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ብሎን ማብዛት አያድነውም። ከጀርባው ኮምፐርሳቶ ምቱበት ወይም ከጥግ እስከ ጥግ አንድ እንጨት አጋድማችሁ ሦስት ማዕዘን ሥሩለት። አራት ማዕዘን ይጋደማል፤ ሦስት ማዕዘን አይጋደምም።

የእኛው ደኅንነት

ድሪል ስትይዙ ነጠላና ሻርፕ አውልቁ፣ ጸጉራችሁን ሰብስቡ፣ አምባርና ቀለበት አስቀምጡ። የምትበሱትን እንጨት በአንድ እጃችሁ ይዛችሁ በሌላው አትብሱ፤ ጠረጴዛ ላይ እሰሩት። ቺፑድ ስትቆርጡም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍጉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ሥራውም ደጅ ይሁን፣ ልጆችም ይራቁ።

አንድ ነገር ግን በተለይ ልንገራችሁ፤ የእኛ ቤት ልማድ ስለሆነ ነው። ቫርኒሽና ቲነር ትነታቸው በእሳት ይያያዛል። ሥራ ስንጨርስ ደግሞ ቡና እናፈላለን፤ ከሰል እናቀጣጥላለን። ቫርኒሽ በተቀባበት ክፍል ከሰል አይግባ፣ ሻማና ዕጣንም አይጨስ። ደጅ ቀቡት፣ ደጅ ይድረቅ፣ ቡናውም ሌላ ቦታ ይፈላ።

ራሳችን ስለሠራነው ነፃ አይደለም

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። «ራሴ ሠርቼ ይህን ያህል ብር አተረፍኩ» ስንል ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው የጣውላውን ዋጋ ብቻ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አምስት መስመር ጻፉ፦ የእንጨቱ ዋጋ፤ የማጓጓዣው፤ የጥቃቅኑ፣ ማለት የብሎኑ፣ የኮላው፣ የብርጭቆ ወረቀቱና የቫርኒሹ፤ የመሣሪያው ኪራይ ካለ እሱ፤ በመጨረሻም የራሳችሁ ሰዓት። በእነዚያ ሰዓቶች እንጀራ ብትጋግሩ፣ በርበሬ ብትደልዙ ምን ታገኙ ነበር? ድምሩ ከአናጢው ዋጋ ከበለጠ አናጢውን ጥሩት፤ አያሳፍርም። ካነሰ፣ ወይም ደግሞ ሙያውን መልመድ ከፈለጋችሁ፣ ሥሩት።

በገንዘብ የማይታይ ነገርም አለ። የልጆች ተደራራቢ አልጋ፣ የጣሪያ እንጨት፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሰው ከሚተኛበት በላይ የሚሰቀል ከባድ ነገር፣ እነዚህን ለባለሙያ ተዉ። ያን ጊዜም ቢሆን የተማርነው አይባክንም። እንጨቱ መድረቁን፣ ሳንቃው 16 ይሁን 18፣ በምን እንደሚያያዝ፣ ማጓጓዣው የማን እንደሆነ ትጠይቃላችሁ። ቀብድ ስትሰጡ ወረቀት ትቀበላላችሁ። የሚያውቅ ጠያቂ ሲያጋጥመው ሠራተኛም ይጠነቀቃል።

ማኅበራችን አሁን አንድ የመሣሪያ ሣጥን አለው፤ ከወር መዋጯችን የገዛነው ነው። መዶሻ፣ መጋዝ፣ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴና አንድ ድሪል አሉበት። የምትወስድ ደብተሩ ላይ ትፈርማለች፣ በሳምንቱ ትመልሳለች። መጋዙ ዶልዱሞ ከተመለሰም «ዶልዱሟል» ብላችሁ ጻፉ። የዶለዶመውን መጋዝ ደብቆ የመለሰ፣ እጇን የሚያስቆርጣት ቀጣይዋን እህቱን ነው።

ለማጠቃለል፣ ያ መደርደሪያ ምን ሆነ? እንደገና ሠራነው። ለብቻዬ አልሠራሁትም፤ ስድስቱ ባለ ምርቶች አብረውኝ ነበሩ። አሁን እግር አለው፣ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ድጋፍ አለው፣ ከላይ በሁለት ቋሚ ላይ ታስሯል። ጠርሙስ ከመደርደራችን በፊት በየእርከኑ ሦስት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተን አስቀመጥንበት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ በእርከኑ 60 ኪሎ ነው፤ ከምንጭንበት ይበልጣል። ሁለት ሌሊት አሳደርነው። ያን ጠዋት የደወሉልኝ እናታችን በሦስተኛው ቀን መጥተው በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት። አልተነቃነቀም። «አሁን ልጁን አስተኙት» አሉ። እኛ ግን ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ጥግ ወስደነዋል፤ አሁንም እዚያው ነው የሚተኛው።

የመጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ግቢ እንገናኛለን። የሚንገዳገድ ወንበር፣ የማይዘጋ መሳቢያ፣ ማጠፊያው የወለቀ በር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጋሼም ለመምጣት ቃል ገብተውልኛል። የምትሰቅሉት ነገር ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ክብደቱን መዝናችሁ፣ ግድግዳችሁን አንኳኩታችሁ፣ ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ኑ።

ያን መስመር ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ።